ማፋ የሚባል አያት የላትም

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ልጄ ሊዲያ ዩኒፎርሟን ትተኩሳለች። ቅዳሜ ትምህርት የለም፣ ስለዚህ «የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«አዲሱ ገበያ። ከትምህርት ቢሮ ደውለውልኝ ነበር፣ ለፈተና ምዝገባው። ዩኒፎርም ለብሰሽ ነይ፣ ፎቶ ትነሺያለሽ ብለውኛል።»

«ማን ነው የደወለው?»

«አንድ ሰውዬ። ‹ሊዲያ ታደሰ ማፋ ነሽ?› አለኝ። ‹ማፋ ሳይሆን ማዳ ነው› ስለው፣ ‹አየሽ! ኮምፒውተሩ ላይ ማፋ ስለሚል እኮ ነው የጠራንሽ። ምዝገባው ሳይዘጋ ነይና እናስተካክልልሽ› አለኝ። አራት ሰዓት ላይ ታክሲ ተራው ጋ ይጠብቀኛል። ቢሮው ጠባብ ስለሆነ ብቻሽን ነይ ብሏል።»

ማፋ ስትል አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ማዳ የባለቤቴ አባት ስም ነው። ማፋ የሚባል አያት ልጄ የላትም። ማፋ የእኔ ጣት ስህተት ነው። ኪቦርዱ ላይ ዳ እና ፋ የሚመቱባቸው ቁልፎች ጎን ለጎን ናቸው፤ ቸኮል ካልሽ ጣትሽ አንዱን ስቶ ሌላው ላይ ያርፋል። ትምህርት ቤቷ የተማሪ መረጃ ቅጽ ሞልታችሁ አምጡ ባለ ጊዜ የተየብኩላት እኔ ነኝ። አንድ ወረቀት አተምኩ፣ ማፋ የሚለውን አየሁ፣ አስተካከልኩ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ ትክክለኛውን አትሜ ሰጠኋት። ስለዚህ ማፋ የሚባል ስም የትኛውም ኮምፒውተር ውስጥ ሴቭ ሆኖ አያውቅም። ያለው በዓለም ላይ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ሰውዬው ከኮምፒውተር አያነብም ማለት ነው። ያቺ ወረቀት በእጁ ናት።

ወረቀቷ ላይ ደግሞ የልጄ ፎቶ አለ። ስልኳ፣ ክፍሏ፣ የእኔ ስም፣ ቤታችን ከየትኛው ወፍጮ ቤት ጀርባ እንደሆነ ሁሉ አለ።

ያ ወረቀት ከእጄ እንዴት እንደወጣ ለመናገር የሥራ ዘመኔን ከመጀመሪያው ማውራት ይኖርብኛል። እንድጽፈው የጠየቀኝም የሊዲያ የኮምፒውተር መምህር ነው። «እትዬ ብርቱካን፣ እኔ በመጽሐፍ የማስተምረውን እርስዎ በሕይወትዎ ያዩት ነው፤ ለልጆቹ ይጻፉላቸው» አለኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። የሰው ጽሑፍ እተይባለሁ እንጂ የራሴን ጽፌ አላውቅም። እንግዲህ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

ባለቤቴ ታደሰ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሠሪ ነው። ስንጋባ እኔ ፈትል እፈትልለት ነበር። ኋላ ግን ከመንገዱ ዳር ያለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ጽዳት ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። ለሁለት ወር ብዬ ገብቼ ሃያ ሁለት ዓመት ቆየሁ።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ኃይሉ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ጥፍራቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ይቆርጣሉ፣ ማሽን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ሲተይቡ አይናገሩም። ሳንቲም ላይ እጃቸው ትንሽ ጠበቅ ቢልም ሰው ተቆጥተው አያውቁም።

መጀመሪያ የሰጡኝ ሥራ መጥረግ አልነበረም። ካርቦን ማቃጠል ነበር። ያኔ ገና የጽሕፈት መኪናው ይሠራል። በሁለት ወረቀት መሀል ጥቁር ካርቦን ይገባና ከላይ ሲመታ ሥሩ ቅጂ ይወጣል። እኔ ካርቦኑን ከቆሻሻው ጋር ልጥል ስል እጄን ያዙኝ። ወስደው በር ላይ ወደ ብርሃን ዘረጉት።

«አንብቢው እስቲ፣ ብርቱኬ።»

አነበብኩት። አንዲት ሴት ከባሏ ለመፋታት የጻፈችው ማመልከቻ፣ ፊደሉ አንድ ሳይቀር ካርቦኑ ላይ ተቀምጧል። ሴትዮዋን ደግሞ አውቃታለሁ፣ የሠፈራችን ሰው ናት። አፈርኩ።

«ካርቦን አይረሳም» አሉኝ። «እሷ ምስጢሯን ለዳኛ ነው የጻፈችው፣ ለቆሻሻ ጫኚ አይደለም።»

ከቤቱ ጀርባ አንድ ትልቅ የቲማቲም ጣሳ ነበራቸው። ማታ ማታ ከመዝጋታችን በፊት የቀኑን ካርቦንና የተበላሸ ወረቀት እዚያ ውስጥ አቃጥለን፣ አመዱን በእንጨት ፈጭተን እንሄዳለን።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አንድ ሰው የሌላ ሰው ወረቀት ልውሰድ ብሎ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ይጠይቁታል። «ስሟንማ ፖስታው ላይም አንብበኸዋል። ስትመጣ ምን ለብሳ ነበር? ከማን ጋር መጣች?» ይሉታል። አንዳንዱ ይናደዳል።

«ጋሼ፣ እኔ ወንድሟ እኮ ነኝ!»

«እሰየው፣ ወንድም ከሆንክማ አይቸግርህም» ይሉና መነጽራቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ፈራሁ። ጋሽ ኃይሉ በስልሳ ስንት ዓመታቸው ተምረው እኔን አስተማሩኝ። «ኪቦርዱ መግቢያ ነው፣ ፕሪንተሩ መውጫ ነው፣ መሀል ያለው ሣጥን ሠራተኛው ነው። ሠራተኛው ያልሽውን ይሠራል፤ ያሰብሽውን አያውቅም» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ሴቭ ማድረግን ግን ያስተማረኝ መብራት ነው። አንድ ቀን ስምንት ገጽ ተይቤ መብራት ድርግም አለ፤ ሲመለስ ባዶ። ያን ቀን ለራሴ እንዲህ ብዬ ያዝኩት፦ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ጥጥ ነው፣ እፍ ሲሉት ይሄዳል። ሴቭ ሲደረግ ፈትል ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ስለታየ ብቻ አለ ማለት አይደለም።

ስለ ፎቶም ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ታደሰ ምሳ ሊያመጣልኝ ሱቅ ገባ። እኔ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ከስልክ ወስጄ አሳድጋለሁ፣ ባሳደግኩት ቁጥር ፊቷ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይበላሻል። ታደሰ አጎንብሶ አየና፣ «ይሄማ ጥለት ነው!» አለ።

«የምን ጥለት?»

«ጥለት ከሩቅ ሲታይ መስቀል ይመስላል፣ ቀርበሽ ስታዪው የተቆጠረ ክር ነው። ክሩ ትንሽ ከሆነ ብትለጥጪው መስቀሉ ይጠፋል። ሙሽራዋ ክር አንሷታል።»

ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ያንን አሁን ሊዲያ በመጽሐፏ ፒክስል እያለች ትማረዋለች።

ከዚያ ሜሞሪ ላይ መዝሙር የሚያስጭነው፣ ፍላሹ በቫይረስ የተያዘበት፣ የቤት ሥራ የሚያሳትመው ተማሪ ወረፋውን ሞላው። አንዱን «ፍላሽህ ታሟል» ብለው፣ «እትዬ፣ እኔ ሳልታመም?» አለኝ። «ብርድ ያልመታው ሰው የለም፣ ማን ጋ እንዳሳደርከው አስብ» አልኩት፤ ሱቁ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን የምሬን ነበር። የሰው ፍላሽ ሁሉ ያለበትን ኮምፒውተር ነክቶ ወደ እኔ ይመጣል፣ ከእኔ ደግሞ ወደሚቀጥለው። ስለዚህ ሳልመረምር አልከፍትም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ምሕረት የምትባል የነርስ ተማሪ ነበረች። የመመረቂያ ጽሑፏን ለሦስት ሳምንት ተየብኩላት። ጨረስን። እሷ ታክሲ ሊያመልጣት ነው፣ እኔ ደግሞ ሌላ ሰው ቆሞብኛል። «ፍላሽ ላይ አድርጊልኝ፣ ቶሎ!» አለችኝ። ኮፒ ማድረግ ሲገባኝ ከት አደረግኩ። ኮፒ እናቱን አስቀርቶ ልጁን ይሰጣል፤ ከት ግን እናቱንም ነቅሎ ይወስዳል። ስክሪኑ ላይ ፋይሉ ሲያልፍ የሚያሳየው መስመር ሞልቶ ሳያልቅ ፍላሹን መዘዝኩት።

በሦስተኛው ቀን መጣች። ፍላሹ ባዶ ነው። ኮምፒውተሩም ባዶ ነው። ጋሽ ኃይሉ አንድ የሚያውቁትን ባለሙያ ጠሩ፣ ግማሽ ቀን ደከመ፣ አልወጣም።

«የእጅ ጽሑፍሽስ?» አልኳት።

«ተተይቧል ብዬ ጣልኩት እኮ፣ እትዬ ብርቱካን።»

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታያለች። ያን ዓመት ሳትመረቅ ቀረች። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ጽፋ መጣች፣ እንደገና ተየብኩላት፣ በየገጹ ሴቭ እያደረግኩ፣ ሁለት ቦታ እያስቀመጥኩ። ስትመረቅ ጠርታኛለች። ሄጄ ከኋላ ቆሜ አለቀስኩ።

ጋሽ ኃይሉ ያን ቀን ያሉኝ ይቺን ብቻ ነው፦ «የሚቀመጠውን ሁለት ቦታ አስቀምጪ። የማይቀመጠውን አጥፊ። ሁለቱን አታደባልቂ።»

የመጀመሪያውን በእንባ ተማርኩት። ሁለተኛው ነው ያመለጠኝ።

ከምሕረት በኋላ ምንም ወረቀት መጣል ፈራሁ። ጋሽ ኃይሉ ደክመው ቤት ዋሉ፣ ኋላም አረፉ፤ ሱቁን ለልጆቻቸው የማስተዳድረው እኔ ሆንኩ። ጣሳው ዝጎ ተበሳ፣ ሌላ አልተካሁም። ካርቦን የለም፣ ምን ላቃጥል? ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል አለው፤ ለማንም አልናገርም፣ የልጄን ስምም አላደረግኩትም። የደንበኛ ፋይል እዚያው እያየ አጠፋለታለሁ፤ የኮምፒውተሩ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ገብቶ እንዳይቀመጥ ቅርጫቱንም ባዶ አደርጋለሁ። በዚህ እኮራ ነበር፣ አልዋሽም። የተበላሸውን ወረቀት ግን ለሌላ ይሆናል እያልኩ ከባንኮኒው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት እከት ነበር። የሰው መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ ማመልከቻ፣ ቅጽ። ምስጢር ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ብቻ መሰለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ስህተቴ።

ዘንድሮ ሱቁ ለመንገድ ማስፋፊያ ሊፈርስ ሆነ። ዓይኔም ደክሟል፣ ሰዉም ወረቀቱን በቴሌግራም መላላክ ጀምሯል። ልጆቻቸው ማሽኑን ወሰዱ፣ እኔም ሥራ ማቆሜ ሆነ። የመጨረሻው ቀን ዕቃ ሳወጣ እታፈራሁ መጣች። እታፈራሁ ከሱቃችን በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ፣ ስንት ዓመት አብረን ያረጀን ሴት ናት።

«ብርቱኬ፣ ለመጠቅለያ የሚሆን ወረቀት አይተርፍሽም?»

ከረጢቱን ጎትቼ ሰጠኋት። «ሙሉው ያንቺ ነው» አልኳት። መረቀችኝ። እሷም ቦታዋ ስለፈረሰ ወደ አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ ዞረች።

ሰውዬው በሳምንቱ ደወለ።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው ይህ ሁሉ የመጣልኝ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። ለሊዲያ ነገርኳት።

«እማ፣ አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ቫይረስ ታደርጊዋለሽ» አለችኝ። «ምዝገባው ቢያልፈኝስ? ዓመቱን ሙሉ የለፋሁት?»

ምሕረት ትዝ አለችኝ። የልጄም ፍርሃት እውነተኛ ነው። «እሺ» አልኳት፣ «ደውይለት። ድምፁን ከፍ አድርጊው። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ጠይቂው።»

ልማዱን ታውቀዋለች፤ ከባንኮኒው ሥር ተኝታ ያደገች ልጅ ናት። ደወለች። ታደሰም መወርወሪያውን እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ሊዱዬ፣ እየመጣሽ ነው?» አለ ሰውዬው። ድምፁ ለስላሳ ነው።

«አዎ። ግን... ማለቴ፣ ከትምህርት ቤታችን ማን ነው የላከልዎት? የክፍል ኃላፊያችን ስም ማነው?»

«እሱ እዚህ አይታይም። አንቺ ነይ፣ እዚህ እናየዋለን።»

«እኛ ተፈታኞች ለምዝገባ የሰጠነው ፎቶ ስንት ነው?»

«አጠገብሽ ማን አለ?»

ሊዲያ አየችኝ። ፊቷ ተለወጠ።

«ብቻሽን ነይ አላልኩሽም? ለእናትሽ ነገርሽ? ብርቱካን ነው ስሟ አይደል? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እኮ ነው ቤታችሁ፣ ሩቅ አይደለም። ባትመጪ እኔ እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘጋችው። ታደሰ መወርወሪያውን ወለሉ ላይ ጣለው፤ በትዳራችን ዘመን ሲጥለው አይቼ አላውቅም። በሩን ቆለፍን፣ ሦስታችንም ወጣን።

ከወፍጮ ቤቱ እስከ ፖሊስ ጣቢያው ያለው መንገድ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። በሸማ ሱቆቹ በኩል ስናልፍ ሰው ሁሉ ሰላም ይለናል፣ እኔ ግን ያየሁት ወንድ ሁሉ ስልክ የያዘ ነው። ሊዲያን በነጠላዬ ሸፍኜ በመሀላችን አስገባኋት። «እማ፣ ያማል» አለችኝ፤ ለካ ክንዷን ጨምድጄ ይዣታለሁ። አልለቀቅኳትም።

ጣቢያው ውስጥ አንዲት ወጣት ኢንስፔክተር አገኘን። ስለ ማፋ ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም። ወረቀት ለምኜ ኪቦርዱን ሣልኩላት። ዳ እዚህ፣ ፋ እዚህ። «ስለዚህ ማፋ የሚል ወረቀት የያዘ ሰው ካገኛችሁ እሱ ነው። ሌላ ማንም ሊኖረው አይችልም» አልኳት።

ሥዕሉን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «እናቴ፣ ምን ነበር ሥራዎ?»

«ፎቶ ኮፒ ቤት።»

«እዚህ ብንቀጥርዎ ይሻል ነበር» አለችና ተነሳች። ሊዲያ ይቅርታ ጠይቃ፣ አምስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብላ እንድትጽፍለት አደረገች። ሰውዬው «ጎበዝ» ብሎ መለሰ። ያችን ቃል እስከ ዛሬ ልጄን ለማሞገስ መጠቀም አልቻልኩም።

እኛን ከጣቢያው እንዳንወጣ አሉን። እሷ ሲቪል የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ይዛ ሄደች። አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሊዲያ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ «እማ፣ ስሜን ባትሳሳቺው ኖሮ ሄጄ ነበር እኮ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ባልሳሳተው ወረቀቷም ባልወጣች ነበር ብዬ ላስብ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። እጇን ያዝኩ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ኢንስፔክተሯ ተመልሳ ገባች። ታክሲ ተራው ጋ ቆመው የሊዲያ መልእክት ወደተላከበት ቁጥር ሲደውሉ አንድ ጎልማሳ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸበት። ከዚያው ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ቆሎ የተጠቀለለበት ስለነበር ጫፉ የኮን ቅርጽ ይዟል፣ እጥፋቱ ውስጥ አንዲት የሽምብራ ገለፈት ተጣብቃለች። የልጄ ፎቶ። ከሥሩ፦ ሊዲያ ታደሰ ማፋ።

«እርስዎ የተየቡት ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ። «ስህተቱም የእኔ ነው።»

ሰውዬው ታስሯል፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ነው ያለው። ከዚያ በላይ አልጽፍም።

ከጣቢያው በቀጥታ የሄድነው እታፈራሁ ጋ ነው። ስነግራት ቆሎ መስፈሪያውን ጣለችና ፊቷን ያዘች።

«እኔ ፊደል መች አውቅና ብርቱኬ! ለእኔ ወረቀት ወረቀት ነው። ልጅቷን በእጄ ልሰጣት ነበር?»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ የማውቀው።»

ተቃቅፈን አለቀስን፤ ቆሎ ሊገዛ የመጣው ሰው ግራ ገብቶት ቆመ። ከረጢቱ ውስጥ ከግማሽ በላይ ወረቀት ቀርቷል። ቆሎ ተጠቅልሎበት የሄደው የሌላ ሰው መታወቂያና የልደት ካርድ የት እንዳለ አላውቅም። ይሄ ዛሬም ያሳስበኛል፤ ቁጥራቸው ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረ የቆዩ ደንበኞቼን እየደወልኩ የማታውቁት ሰው ስማችሁን ቢጠራ አትመኑ እላቸዋለሁ። ለእታፈራሁም ያልተጻፈበት ወረቀት እየቆረጥኩ እወስድላታለሁ።

ከረጢቱን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ወሰድነው፤ ሰፊ ነውና። መዘምራኑ ልምምድ ላይ ነበሩ፣ ወጥተው ከበቡን። ታደሰ ከሆነ ቦታ አንድ የቲማቲም ጣሳ አገኘ። ወረቀቱን አንድ በአንድ፣ ስሙን ሳላነብ ከተትኩ። ሊዲያ አመዱን በእንጨት ፈጨችው፣ ማንም ሳይነግራት።

ልጆች፣ መምህራችሁ ዳታ ሴኩሪቲ ምንድነው ብሎ ሲፈትናችሁ በመጽሐፉ ያለውን ጻፉ፣ ማርኩ እዚያ ነው። የይለፍ ቃል አብጁ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ግን የታተመውንም አስቡት። ስማችሁን፣ የአያታችሁን ስም፣ ቤታችሁን የሚነግራችሁ ሰው ሁሉ ያውቃችኋል ማለት አይደለም። ማንበብ ይችላል ማለት ነው።

ይህንን የምጽፈው ታላቅ እህቴ ቤት ሆኜ ነው፤ ቤታችንን የማናውቀው ሰው ስላወቀብን ለጊዜው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ለቅቀን ወጥተናል። ሊዲያ አጠገቤ ተቀምጣ ትተይብልኛለች። አሁን ማዳ የሚለውን ስትመታ አየኋት፤ ቆም አለች፣ ጣቷን አየች፣ ትክክለኛውን ቁልፍ ነካች። ለፈተናዋ ተመዝግባለች፣ በትክክለኛው ስሟ።

እዚህ በሰላም ደርሰናል። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።